ሳይማር አይገባም፦ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ንግግር ጥበብ ቃላት ታሪክ

የጥናት ክበባችን በላስ ቬጋስ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ጧት ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ለምቾት አይደለም፤ ከአባሎቻችን ገሚሱ በሆቴልና በቁማር ቤት ሲሠራ አድሮ የሚወጣበት፣ ገሚሱ ደግሞ ታክሲ ለመረከብ የሚዘጋጅበት ሰዓት በመሆኑ ሁለቱን ወገን ማገናኘት የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ነው። በአንዱ ቅዳሜ ከመካከላችን በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት እንግሊዝኛ የምትማር እኅት አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። በወረቀቷ ላይ ሃያ ያህል ቃላት ተደርድረዋል፦ ሜታፎር፣ ሲሚሊ፣ አይረኒ፣ ፓራዶክስ፣ አሌጎሪ፣ ሃይፐርቦሊ፣ አፖስትሮፊ፣ ፐን እያለ ይቀጥላል። ፍቺያቸውን በቃሏ ይዛዋለች። የቸገራት ሌላ ነበር። «እነዚህ ነገሮች በአማርኛ አሉን ወይስ የሉንም? ካሉን ስማቸው ማነው?» አለችን።

ዝም አልን። ከመካከላችን የሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰ አለ፤ ለሦስተኛው የሚያጠና አለ፤ የምርጫ ሥርዓትን ከአርስቶትል እስከ ዛሬ የሚተርክ አለ። ዝምታውን የሰበሩት በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ፣ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱ አባት ነበሩ። «ልጄ፣ የሌለንስ የትኛው ነው?» አሉ፤ ወረቀቷንም ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቀን ዝምታና የዚያ ቀን መልስ ያስከተሉት ነው። ዝምታችን የግል ስንፍና ብቻ አልነበረምና፣ ታሪኩን መመርመር ይገባናል ብለን አሰብን።

በመሠረቱ በወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩት ቃላት የእንግሊዝም አይደሉም። እንግሊዝኛ ራሱ ከላቲንና ከግሪክ የተዋሳቸው ናቸው። ሜታፎር በግሪክኛ ተሸክሞ ማሻገር ማለት ነው፤ ሃይፐርቦሊ አልፎ መወርወር ነው፤ አይረኒ ደግሞ የመጣው በግሪክ ኮሜዲ ላይ ከሚታወቀው፣ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ጉረኛውን ከሚያጋልጠው ሰው ስም ነው። እንግሊዞች እነዚህን ቃላት ሳያፍሩባቸው ወሰዷቸው፤ ዛሬ የሌላ ሰው ንብረት መሆናቸውን የሚያስታውስ የለም። መዋስ ነውር አለመሆኑን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ የምንለው የቂም ንግግር እንዳይመስል ነው። ጥያቄው ለምን ተዋስን የሚለው አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ ያለውን ሳንቆጥር ለምን ተዋስን የሚለው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ነበር? የቅኔ ትምህርት ነበር። የቤተ ክህነት ትውፊት የቅኔን ሥርዓት በአፄ እስክንድር ዘመን፣ ማለትም ከ1478 እስከ 1494 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ከነበሩት ከዮሐንስ ገብላዊና ከተዋነይ ጋር ያያይዘዋል። የቅኔው መንገድም ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ተብሎ በየቤቱ ይለያያል። የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ከአንደበታቸው ቀድቶ በ1959 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያነበበ ሰው የዚያን ዓለም መልክ በቅርብ ያየዋል። ይህን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሰው ለንደን ተምሮ የመጣ፣ የአውሮፓን ኮሜዲ አሳምሮ የሚያውቅ ተውኔት ጸሐፊ መሆኑን ልብ ይሏል። ከእርሱ ትውልድ ሁለቱንም ቤት በእኩል የዘለቀ ጥቂት ነው።

ተማሪው አገሩን ጥሎ ይወጣል፤ በወላጁ ደጅ ትምህርት አይገባም ይባላልና። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ያድራል። ቀን ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል ወይም ያፈርስበታል። ተማሪና ስደተኛ በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ የአንድ ሰው ሁለት ስም መሆናቸውን የተገነዘብነው ይህንን ስናነብ ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት የንግግር መንገዶች ሁሉ ስም አላቸው። ከሁሉ የታወቀው ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ የተወሰደው ከወርቅ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ሊሠራው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ጌጡ ይገኛል። ብዙዎቻችን ሰምና ወርቅ ስንል አንድ ቃል ሁለት ፍቺ የሚሰጥበትን ንግግር ማለታችን ነው። አባታችን ያን ቀን ያረሙን አንዱ ነገር ይህ ነበር። አንድ ቃል ለሁለት የሚያገለግልበት ኅብር ይባላል፤ ሰምና ወርቅ ግን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ግሥ የሚታሰሩበት ነው። «የስደቱ ክረምት አልወጣ አለ» ብንል ክረምቱ ሰም ነው፣ ስደቱ ወርቅ ነው፣ «አልወጣ አለ» የሚለው ሁለቱንም ያስራል። ከዚህ ሌላ ውስጠ ወይራ አለ፦ ላዩ ተራ እንጨት መስሎ ውስጡ ወይራ የሆነ፣ የትኛው ቃል ምሥጢሩን እንደያዘ በጣት የማይጠቆምበት ንግግር ነው። አንጻርም አለ፤ ሌላም አለ።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። በ1936 እ.ኤ.አ. አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ ምሁር ስለ ንግግር ጥበብ ፍልስፍና ባሳተመው መጽሐፍ ሜታፎር ሁለት ክፍሎች እንዳሉት፣ ነገር ግን ሁለቱን የሚለይ የታወቀ ስም እንዳልነበረ አስተውሎ አንዱን ቴነር፣ ሌላውን ቬሂክል ብሎ ሰየማቸው። ቴነር የሚባለው ሊነገር የታሰበው ነው፤ ቬሂክል የሚባለው የተነገረበት ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ወርቅና ሰም ማለት ነው! የእርሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ዊልያም ኤምፕሰን ደግሞ ከዚያ በፊት በ1930 ሰባት ዓይነት አሻሚነትን የሚዘረዝር መጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ የእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ቀየረ ይባላል። እኛ ይህን የምንጠቅሰው «ሁሉም ከእኛ ጀመረ» የሚለውን የሰነፍ ኩራት ለመድገም አይደለም። ሪቻርድስ ስለ ቅኔ ሳይሰማ ያገኘው ነገር የራሱ ነው። እንዲያውም በአንድ ነጥብ ከአንጥረኛው ምሳሌ ይበልጣል፤ ሰሙ ቀልጦ የሚጣል ነገር ነው፣ እርሱ ግን ትርጉም የሚወለደው ከሁለቱ መገናኘት እንጂ አንዱ ሲጣል አይደለም ይላል። ጥሩ ቅኔ የሰማ ሰው ወርቁን ካገኘ በኋላም ሰሙ ጆሮው ውስጥ እንደሚቀር ያውቃልና ተግባሩ ከስሙ ይልቅ ለሪቻርድስ ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ክርክር በክፍል ውስጥ ማድረግ በቻልን ነበር። ግን ማን አስተማረን?

የንግግርን ጥበብም ቢሆን ከቤተ ክህነት ውጭ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት ነበረን። እርሱም የዛፍ ሥር ችሎት ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ፣ በተጠየቅ፣ በምሳሌና በዜማ የሚካሄደው ሙግት ከጥንት ሮማ ችሎት የሚያንስበት ነገር አልነበረም። መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ምን እንደሚባል እኅታችን በወረቀቷ ላይ ጽፋለች፤ የአገራችን ተሟጋች ግን ስሙን ሳይጠይቅ ባላጋራውን ያስርበት ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት በ1908 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ኢጣልያ ተባርሮ እንግሊዞች በገቡበት ዘመን፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ያለው ትምህርትም በእንግሊዝኛ ሆነ። በ1950 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ የእኛ አገር ተማሪ ሼክስፒር እንዴት እንዳነጻጸረ ለመናገር የሚችል፣ እናቱ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደምታነጻጽር ለመናገር ግን ስም የሌለው ሆነ።

ይሁን እንጂ ተዋስን ስንል ዝም ብለን ተቀበልን ማለት አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ተምረው ተመልሰው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት ሲጽፉ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ብለው የተውሶውን ቃል በግልጽ ርዕስ አደረጉት። ቤተ መንግሥቱ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ለመገንዘብ አልተቸገረም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አሌጎሪ የሚለውን ቃል ሳያውቅ አሌጎሪን የሚያግድ ሳንሱር! በ1955 ዓ.ም. የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የደረሰበት ዕጣም ከዚሁ አይለይም። ሳንሱር ከሁሉ የተሻለ አንባቢ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ሳንሱር ወርቁን ብቻ የሚያሳድድ፣ ሰሙን ማየት የማይችል አንባቢ ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃላችንም የስደት ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተመው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርዕስ ነበረው፤ የአንድ መጽሐፍ ርዕስ የነበረው የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ይህን ያህል የተዋበ ቃል የሰጠን ሰው ኋላ ለፋሺስት ኢጣልያ ያደረ መሆኑ ለእኛ ለስደተኞች የሚያሳስብ ነገር ነው። ቃሉን ግን ማንም አልመለሰለትም።

ከዚህ ላይ አንድ አሜሪካዊ ምሁርን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. በቺካጎ «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሌቪን የሥነ ጽሑፍ ሰው አልነበረም፤ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ነበር። ከቅኔ ቤት አንድ ቃል አንስቶ የአማራ ኅብረተሰብ አስተሳሰብ ቁልፍ አደረገው። አሻሚነት ለባህላዊው ኑሮ የሚስማማ፣ ለዘመናዊው ግን እንቅፋት የሚሆን ነው አለ፤ ዘመናዊ ቢሮ፣ ዘመናዊ ሕግና ዘመናዊ ሳይንስ አንድ ቃል አንድ ፍቺ እንዲኖረው ይሻሉና። ሌቪን ሰምና ወርቅ ለቀልድ፣ በጨዋ ደንብ ለመሳደብ፣ የግል ሕይወትን ለመከለል፣ ባለሥልጣንንም ለመተቸት እንደሚያገለግል ራሱ መዘርዘሩን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በእኛ የትምህርት ዘርፍ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ የውጭ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል እንደ ማለፊያ ወረቀት ያሳያል። «ኢትዮጵያውያን የሚሉትን ማለታቸው አይደለም» የሚል ፍርድ ከአንድ የቅኔ መንገድ ስም ተመዘዘ። በለንደን ፓርላማ የሚነገረውን ሽሙጥ ግን ማንም የእንግሊዝ ሕዝብ በሽታ ብሎ አልጻፈም።

ገዳሙ አብርሃ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ አጥብቆ ነቀፈው። ይኸው ሰው ከሰሎሞን ደሬሳ ጋር ሆኖ በ1969 እ.ኤ.አ. በአዲስ ሪፖርተር ላይ በሁለት ባህል መካከል ስለሚኖረው ስለ «ባለ ሰረዝ ኢትዮጵያዊ» ጻፈ። የሚያስገርመው ሁለቱም ጽሑፎች በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነው። እኛም ዛሬ ሰረዝ የበዛብን ሰዎች ስለ ሆንን ይህን የምንለው በነቀፋ አይደለም።

የተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ ከዚህ አንጻር ሲታይ አንድ ያልተጠና ገጽታ አለው። በዩኒቨርሲቲው የግጥም ውድድር ላይ በ1961 እ.ኤ.አ. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን፣ በ1966 ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው»ን ያቀረቡት በአማርኛ ነበር። ዋለልኝ መኮንን ግን በኅዳር 1969 እ.ኤ.አ. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በ«ስትራግል» መጽሔት የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የተማሪዎች ማኅበር ልሳን «ቻለንጅ»ም የሚወጣው በእንግሊዝኛ ነበር። በአውሮፓ እንደ «ታጠቅ» ያሉ የአማርኛ መጽሔቶች መኖራቸውን አልዘነጋንም፤ ነገር ግን በጠቅላላው ሲታይ ያ ትውልድ በአማርኛ ገጠመ፣ በእንግሊዝኛ ተከራከረ። ስሜቱን በአገሩ ቋንቋ፣ ሙግቱን በተውሶ ቋንቋ አደረገ። የዛፍ ሥር ችሎት ልጆች ሙግታቸውን ለባዕድ ቃል አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ሌቪንን የጠሉት ተማሪዎች ሳይታወቃቸው ፍርዱን ተቀብለው ነበር ለማለት ይቻላል፤ ለግልጽነት ሲሉ ሰሙን ሸሹ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝኛው ሙግት በአንድ ጀምበር ወደ አማርኛ መዞር ነበረበት። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የተካሄደውን የኢሕአፓና የመኢሶን ደጋፊዎች ክርክር ያነበበ ሰው ቃላት በየሳምንቱ ሲወለዱ ያያል። ከእነርሱ አንዱን ብቻ እንውሰድ። «ሂስ» ከግዕዝ «ሄሰ» የመጣ ነው፤ ነቀፈ ማለት ነው። ለሥነ ጽሑፍ ግምገማ ያገለግላል፤ ለድርጅት ስብሰባም «ሂስና ግለ ሂስ» ተብሎ አገለገለ። መኢሶን ከደርግ ጋር ስለ ነበረው ግንኙነት «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ። በእንግሊዝኛው ይህ ሐረግ «እየነቀፍን እንደግፋለን» የሚል ሚዛን ያለው ነው። በአማርኛው የሰማው ሕዝብ ግን «ድጋፍ» የሚለውን ወርቅ፣ «ሂሳዊ» የሚለውን ሰም አድርጎ ፈታው፤ ተቃዋሚዎቹም እንዲሁ። በዚያች ቅጽል ምክንያት ወንድም ከወንድም ተለያየ። ደርግ ራሱ በመጨረሻ ቅጽሉን ጥሎ ድጋፉን ብቻ ፈለገ፤ መኢሶን በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ኅቡዕ ሲገባ አባላቱ እየታደኑ ተያዙ፣ ተገደሉ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባበረ። በሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጽሐፍ ይህ ትእምርት ይባላል፤ አንድ ነገር ስለ ሌላ ነገር ቆሞ ሲታይ ማለት ነው። ቬሂክሉ ጠርሙስ ነበር። ቴነሩ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ የሚገኘው ወጣት ነበር። ሪቻርድስ ሰምና ወርቁ በአንድነት ትርጉም ይፈጥራሉ ያለው እንዲህ ላለው ቀን አልነበረም። እኛ ከዚያ ትውልድ በኋላ የተወለድን ነን፤ ሆኖም «ይህ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የዘይቤ ስሞችን ምን አደረገው?» ለሚለን ሁሉ ያቺን ጠርሙስ እናሳያለን።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ብናልፈው ይሻላል፤ መልካም ዜና ነውና ብዙ አያከራክርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከዚያ ውጭ የነበሩ መምህራን ቃላቱን እየፈጠሩ፣ እየሰበሰቡ አስቀመጡልን። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» በ1992 ዓ.ም.፣ የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» በ1999 ዓ.ም. ታተሙ። ዛሬ ሲሚሊ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ሜታፎር ተለዋጭ ዘይቤ፣ አይረኒ ምፀት፣ ሃይፐርቦሊ ግነት ይባላሉ። አንዳንዶቹ ቃላት ከምንጫቸው ይልቅ ያምራሉ። ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ እንግሊዝኛ በአንድ ደረቅ ቃል ሲጠራው እኛ «መቼ»ን እና «የት»ን አጋብተን «መቼት» አልነው። ፓራዶክስን «አይ» እና «አዎ» አገናኝተን «አያዎ» አልነው። በሌለበት የሚጠራውን ሰው የሚመለከተው አፖስትሮፊ «እንቶኔ» ተባለ፤ እናቶቻችን ስሙን መጥራት የማይፈልጉትን ሰው የሚጠሩበት ቃል ነው።

ሁሉም ግን አልቀናም። ፕሎት የሚለውን «ሴራ» ብለው የተረጎሙ አሉ። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል የታሪክ አወቃቀርንም አድማንም ይይዛል፤ በአማርኛ «ሴራ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የመንግሥት ግልበጣ ነው። ያልነበረን ኅብር ተዋስን ማለት ነው። ስንት ፍርድ ቤት ሰውን በሴራ ከሶ በቀጣበት አገር የልብ ወለድ መምህር «የዚህን መጽሐፍ ሴራ አብራሩ» ሲል ተማሪው ቢሳቅቅ አይፈረድበትም። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ያለንን ጥለናል። አማርኛ ለስላቅ የተለየ ምልክት ነበረው፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ መልኩ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. አልካንተር ደ ብራም የተባለ ፈረንሳዊ ገጣሚ ለምፀት የሚሆን ምልክት ይፈጠር ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ማንም አልተከተለውም። ምልክቱን ለማግኘት ሌላው የተመኘውን እኛ ከእጃችን አወጣነው።

ስለምንኖርባት ከተማም አንድ ነገር እንበል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቬንቱሪ፣ ዴኒስ ስኮት ብራውንና ስቲቨን አይዘነር «ከላስ ቬጋስ መማር» የሚል መጽሐፍ አውጥተው በዚህች ከተማ አውራ ጎዳና ላይ ምልክቱ ከሕንፃው እንደሚበልጥ አሳዩ። ሰሙ ከወርቁ የገዘፈባት ከተማ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አስመሳይ ፒራሚድና አስመሳይ የኤፍል ማማ ነገሩን አብሰውታል። ነገር ግን ይህችው ከተማ በ2000ዎቹ መባቻ ለተሰደዱ ጸሐፊዎች መጠጊያ በመሆን በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ከሴራሊዮን የተሰደደው ገጣሚ ሲል ቼኒ ኮከርም መጥቶ ተቀመጠባት። በ2023 ደግሞ የክላርክ አውራጃ አስተዳደር አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። «ትንሿ» የሚለው ቅጽል ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው ወይስ ተለዋጭ? በክበባችን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረንበታል።

እኅታችን ወረቀቷን ይዛ የመጣችበትን ቀን እንጨርስ። ለትምህርቷ ከአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አንድ ምሳሌ ጽፋ እንድታብራራ ታዝዛ ነበር። ብዙ ካወጣችና ካወረደች በኋላ ይህን ጻፈች፦ «ስደተኛ ተማሪ ሳይማር አገሩ አይገባም።» ሰሙ ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ እናቶቻችን ሲሸኙን ተምራችሁ ኑ ብለውናል። «ተማረ» ግን ዕውቀት ቀሰመ ማለትም፣ ምሕረት ተደረገለት ማለትም ነውና ኅብሩ ሁላችንንም አንድ ጊዜ መታን። በየዘመኑ የወጣውን የምሕረት አዋጅ፣ በየኤምባሲው ደጅ ተሞልቶ የተመለሰውን ቅጽ፣ ተሞልቶ መልስ ያላገኘውን ጭምር የማያስታውስ በመካከላችን አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ፐን የሚለው ቃል ፍቺ «የቃል ጨዋታ» ይላል። ማንም አልሳቀም።

አባታችን ግን እንደ ቅኔ መምህራቸው አላለፏትም። «ወርቁ ጎድሎበታል» አሉ። «ሳይማር ስትይ የሚምረው ማነው? ምሕረት የሚሻ ጥፋት ያለበት ሰው ነው። የዚህ ልጅ ጥፋቱ ምንድን ነው? ይህ ሳይመለስ ቤቱ አይዘጋም።» እርሷም «ጌታዬ፣ ባለቤቱን የደበቅሁት ሆን ብዬ ነው፤ ስሙን ብጠራው ቅኔ ሳይሆን ክስ ይሆንብኛል» አለቻቸው። ከመካከላችን ገሚሱ እርሳቸውን፣ ገሚሱ እርሷን ደግፎ ተነሣ፤ የሕግ ተማሪው አንድ አለ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ሌላ አለ። አራት ሰዓት ሲሆን አባታችን ታክሲያቸውን ለመረከብ ተነሡ። ወረቀቱን ሲመልሱላት ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ጎን፣ ፐን ከሚለው ቃል አጠገብ፣ በእርሳስ «ኅብር» ብለው ጽፈውበት ነበር፤ ሌሎቹን መስመሮች በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሙላቸው ብለው ወጡ።